የጨጓራውን መድኃኒት ስጡኝ

«ሸክም ሲሸከሙት አይደለም ሰው የሚጎዳው፤ ሲያወርዱት ነው» ይል ነበር አባቴ። ከእንጦጦ አጠና በትከሻው እያወረደ፣ በኋላም ሲግናል አካባቢ በቆርቆሮ በታጠረች ቦታ አጠና እየቸረቸረ እኔንና እህቴን አሳየችን ያሳደገ ሰው ስለሆነ የሚለውን ያውቃል። ቁልቁለቱን ሁሉ ደህና የመጣ ጎበዝ ደጃፍ ሲደርስ ለብቻዬ ላራግፍ ይልና ወገቡ ይቀጫል፣ ወይም አጠናው ይሾልክና አጠገቡ የቆመውን ይመታል። «ስታወርድ ሰው ጥራ» ይለኝ ነበር፣ እኔም እሺ እለው ነበር፣ እሺ ማለት ድሮም ይቀናኛል፣ ይኸው በአርባ ስድስት ዓመቴ በሰው አገር አልጋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ፣ የምጠራው ሰው የለም። ጌታ ሆይ አንተ አለህ፣ ይቅር በለኝ፣ አንተ አለህ። ግን ዝም ብለህ ታየኛለህ።

ከዓሣ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ሆነኝ። ገላዬን ታጥቤያለሁ፣ የዓሣው ሽታ ግን ከጥፍሬ ሥር አይወጣም። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር መትቻለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ኖርዌይ ሰሜኑ ጫፍ ላይ በዚህ ወር ፀሐይ አትጠልቅም፣ ሌሊቱም ቀኑም አንድ ነው፣ ሰው እንቅልፉን ራሱ መሥራት አለበት፣ እኔ ደግሞ አልቻልኩበትም። ይህን መጀመሪያ የነገርኩት ጊዜ አባዬ በስልክ ስቆ ስቆ «ታዲያ ራት የምትበላው መቼ ነው?» አለኝ። «ሲርበኝ» አልኩት። «አይ ልጄ፣ ሳይመሽ የበሉት ራት ምሳ ነው፤ አታለውሃል» አለኝ። ያን ጊዜ ይበላ ነበር። አሁን ውሃም በማንኪያ ነው ትላለች አሳየች። ብርድ ልብሱ ጥግ ላይ ቀዳዳ አለው፣ በቀዳዳው የገባችው ብርሃን ግድግዳው ላይ ቆማለች፣ አትሄድም። አዲስ አበባ፣ አባዬ በተኛበት ሆስፒታል፣ አሁን ረፋድ አራት ሰዓት ነው። ሐኪሞቹ ዞረው ጨርሰዋል፣ አስታማሚዎቹ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነው፣ አባቴ በግራ ጎኑ ተኝቷል፣ በቀኙ አይችልም፣ ጉበቱ በዚያ በኩል ነው፣ ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው፣ በመስኮቱ እንጦጦ ይታያል አለችኝ አሳየች። «ባሕር ዛፉን ይቆጥራል» አለችኝ። «እንዴት ከዚያ ርቀት ይቆጥራል?» ስላት «ምን አውቄ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ወይ ይጸልያል ወይ ይቆጥራል» አለች። እኔ አልቆጠረም እላለሁ። አባቴ ሲያመው አፉን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። እሾህ ወግቶት እንኳ አይጮህም ነበር፣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር።

ትናንት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ኮዱ የኛ ነው። ከማያውቁት ቁጥር የሚመጣውን ነገር በሰው አገር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «አቶ ለይኩን ጎበና ነዎት?» አለች ሴት። ነኝ አልኳት። «ሲስተር ሰርክ እባላለሁ፣ አባትዎ ከተኙበት ሆስፒታል ነው የምደውለው። የማስታገሻ ሕክምና ክፍል ነኝ።» ማስታገሻ ምንድነው አልኳት። «ሕመሙ የማይድን ሲሆን ሕመምተኛው እንዳይሰቃይ፣ ቤተሰቡም ግራ እንዳይገባው የምንሠራ ነን» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ብዙ ጊዜ የተናገረው ሰው እንደሚናገር። የማይድን ስትል እኔ በሆዴ በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም እላለሁ፣ ቃሉ አየር ላይ እንዳለ ልመልሰው። «እህቴ፣ እኛ አማኞች ነን» አልኳት። «እኔም አማኝ ነኝ» አለች፣ «አባትዎን ግን በጣም እያመማቸው ነው።»

ከዚያ ያለችውን እስከ አሁን እያገላበጥኩት ነው። ሞርፊን የሚባል መድኃኒት አላቸው፣ እንደ ሕፃን ሽሮፕ በአፍ የሚወሰድ፣ ለእንዲህ ያለ ሕመም የተሠራ። ሳምንት ሙሉ ለምናዋለች። «ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት? "ልጄ ጨጓራ ነው ብሏል። የጨጓራውን መድኃኒት ስጡኝ" አሉኝ። እሺ ይሁን ብዬ በማግሥቱ ተመለስኩ። ያው ነው። ትናንት ግን እጄን ያዙኝና "ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አትቆጪኝ፤ ያንን ከጠጣሁ እኮ ልጄን ውሸታም ማድረጌ ነው" አሉኝ።»   በስልኩ ውስጥ የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማኛል። «ስለዚህ ያውቃል?» አልኳት። «ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ እኮ ወሩ ነው፣ አቶ ለይኩን። መስታወት አላቸው። ሞኝ አይደሉም። እኔ እንድነግራቸው ቢፈቅዱልኝ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ፣ ግን ከእኔ አይቀበሉም። ከእርስዎ ካልሆነ አይጠጡም።» «አስብበታለሁ» አልኳት። «ብዙ አያስቡ» አለችኝ፣ በቁጣ አይደለም።

አባዬ የኔን ቃል ለመጠበቅ ጥርሱን ነክሶ ይተኛል። ይህንን ስንት ጊዜ ብለው ነው የሚገባኝ? እኔ ዓሣ እያሸግሁ፣ ጓንቴን እየቀየርኩ፣ በዕረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣሁ፣ እሱ እዚያ ጨጓራ ነው እያለ። በመጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ለአሳየች ሲነግራት እሷ እያለቀሰች ደወለችልኝ፣ «ጉበቱ ነው፣ ካንሰር ነው፣ ጊዜው አልፏል አሉኝ» አለችኝ፣ እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ «እንዳይነገረው! በአፋችሁ እንዳትሉት! ጨጓራ ነው በሉት» አልኩ። በኛ ዘንድ ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፣ ሁሉም እንደዚያው ያደርጋል፣ አሳየችም ጥሩ መሰላት። ለቅርብ ሰው መርዶ እንኳ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለሕያው ሰው የራሱን መርዶ የሚያረዳ ማን አለ? ግን ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ እንዳይነገር ያልኩት በዚያ ብቻ አይደለም። ሌላ ነገር አለኝ። ለአሳየች አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ጥገኝነት ስጠይቅ ያስገቡኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል ግን አሁን ነው። ጠረጴዛ አለ፣ ውሃ በወረቀት ኩባያ፣ ኮምፒውተር ላይ የምትጽፍ ነጭ ሴት፣ ጠረጴዛው መሐል ደግሞ ትንሽ ማጉያ፣ ከውስጡ አስተርጓሚው የሚናገርበት፣ ድምፁ ወንድ ነው፣ መልኩን አላየሁትም። ካምፕ ውስጥ አብሮኝ የነበረ ልጅ «አባትህ አለ ካልክ ዘመድ አለህ ብለው ይመልሱሃል፤ ሞቷል በል» ብሎኛል። እኔ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ የወረቀት ነገር አላውቅም፣ የሚያውቅ መስሎኝ አመንኩት። «አባትህ በሕይወት አለ?» ትላለች። «ሞቷል» አልኩ። ቀላል ነው ለማለት፣ ሦስት ፊደል ናት። «መቼ?» ጥቅምት አልኩ። «በምን?» አልተዘጋጀሁበትም። «ታሞ» አልኩ። «ምን ታሞ?» ሆዱን አልኩ። አዎ፣ ሆዱን ነው ያልኩት፣ እጄን እዚህ አድርጌ አሳየኋት፣ በቀኜ። «ቀብሩ ላይ ማን ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም ቀብሩን ሠራሁት፣ ድንኳኑን ተከልኩት፣ የሰፈሩን ዕድር ሰዎች አስቀመጥኩ፣ የጸሎት ቤቱን መዘምራን አቆምኩ፣ አሳየችን አስለቀስኩ፣ አጠና ተሸካሚዎቹ ሬሳውን ሲሸከሙ ሁሉ ነገርኳት፣ እና ስናገር እውነት ሆነብኝና አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን። ሴትዮዋ መጻፍ አቆመች። አስተርጓሚው መተርጎሙን ትቶ፣ ለእኔ ብቻ፣ በአማርኛ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ» አለኝ። እኔም «አሜን» አልኩት።

አሜን አልኩ።

ያን ዕለት ማታ አባዬ ደወለልኝ። «ምን ሆነህ ነው ድምፅህ የተዘጋው?» አለኝ። «ጉንፋን ነው» አልኩት። «ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ» አለኝ ሙቱ።

ሰፈር እያለን የቤት ለቤት ጸሎታችንን የሚመራው ወንድም ሕሩይ «አፍ የዘራውን ቤት ያጭደዋል፣ ክፉ ነገር ከአፋችሁ አይውጣ» ይለን ነበር። ሌላው እየረሳው ይሄዳል፣ እኔ ግን ያዝኩት። ስለዚህ አሳየች «ጉበቱ ነው» ስትለኝ የመጣብኝ ሐኪሙ አይደለም፣ ያ ክፍል ነው። እጄ በቀኜ በኩል ነው የነበረው። ዘራሁት፣ በቀለ አልኩ። ስለዚህ ደግሜ በአፌ ካላልኩት፣ ማንም ካላለው፣ ምናልባት ተመልሶ ይነቀላል፣ አንተ ጌታዬ ምናልባት ያንን ትሰርዘዋለህ ብዬ ጾምኩ። ሦስት ቀን ጾሜ ዓሣው መሐል ወድቄያለሁ፣ አለቃዬ «ቤተሰብ ችግር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ የቤተሰብ ፈቃድ የሚባል አለ፣ ሙላ ብሎ ፎርም ሰጠኝ። «የታመመው ሰው ስምና ዝምድና» ይላል። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። እዚህ አገር ወረቀት ከወረቀት ጋር ይነጋገራል። የሞተ አባት እንዴት ይታመማል? ፎርሙን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ደግሞስ ፈቃድ ብወስድ የት እሄዳለሁ፣ የሰጡኝ የስደተኛ የጉዞ ደብተር ላይ ለሁሉም አገር ይሠራል፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር ይላል። ዓለምን በሙሉ ሰጥተውኝ የካ ሰፈራችንን አስቀሩብኝ።

ትናንት ከሲስተር ሰርክ በኋላ ወዲያው ለአሳየች ደወልኩ። «አንቺ ንገሪው» አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ። «እውነቱን።» ሳቀች፣ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ጉድ እኮ ነህ ለይኩን። አትንገሩት ያልከው አንተ፣ ሐኪም ቀይሩ ያልከው አንተ፣ ጸልዩ ያልከው አንተ፣ ዳይፐር የምቀይረው እኔ። አሁን ደግሞ ንገሪው? እኔን አይሰማኝም። ሽሮፑን ይዤ ስቀርበው ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? "ወንድምሽ ሐኪም ባይሆንም ዋሽቶኝ አያውቅም"። ይሄን በየቀኑ ይለኛል። አንተ ዋሽተህ አታውቅም።» «አሳየች» አልኳት። «አቤት።» «ምንም» አልኩ። ልነግራት ነበር። አልወጣልኝም። እሷ ቀጠለች፣ ቤት ልውሰደው እንዳትል አያት ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሲወርድ እንኳ አራት ጎረቤት በወንበር ነው የተሸከመው፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ወንበሩ ሲያጋድል እነሱን «ቀስ በሉ እንጂ፣ እኔ አጠና አይደለሁም፣ ብሰበር ለማገዶም አልሸጥ» ብሏቸው ሰዎቹ በሳቅ ሊጥሉት ነበር አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። «ና እንጂ» አለችኝ፣ እንደማልችል እያወቀች። «ና እንጂ ለይኩን።»

ልብ ብዬ ሳስበው የምናፍቀው አዲስ አበባን አይደለም። የምናፍቀው ያንን የቆርቆሮ አጥር ነው፣ ዝናብ የመታው የአጠና ልጣጭ ሽታ፣ አባዬ በሜትር ሳይሆን በክንዱ ሲለካ፣ ግንበኞች «ጋሽ ጎበና፣ ክንድዎ አጠረ» ሲሉት፣ «አንተ ነህ የረዘምከው፣ ቁልቁል እየው» ሲላቸው። ጠዋት ከመክፈቱ በፊት አጠናዎቹ መሐል ተንበርክኮ ይጸልያል፣ ጉልበቱ ላይ ልጣጭ ተለጥፎበት ይነሣል፣ ቀኑን ሙሉ አያራግፈውም። እጁን እናፍቃለሁ። ሙጫ የደረቀበት እጅ ነው፣ ራሴን ሲዳብሰኝ ፀጉሬን ይዞ ይነቅለው ነበር። አሁን ይህን እጅ የምታጥበው አሳየች ናት፣ ጥፍሩም ቢጫ ነው አለች። ጌታ ሆይ ያንን እጅ አንድ ጊዜ ብይዝ። አንድ ጊዜ። አላገኘውም፣ አውቃለሁ፣ ስለማላገኘው አይደለም የማለቅሰው። ዛሬ ማታ ደግሞ ስለሚያመው ነው። ነገም ስለሚያመው ነው። ጠርሙሱ ራስጌው ሣጥን ላይ ተቀምጧል፣ ተዘግቶ፣ የኔን አፍ እየጠበቀ።

ተነሣሁ። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ነቀልኩት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፀሐዩ ፊቴን መታኝ። ተንበረከክሁ፣ ግን ፈውሰው አላልኩም፣ መጀመሪያ ጊዜዬ ነው ያላልኩት፣ ሳምንታት ሙሉ ሌላ አልጸለይኩም። ጌታ ሆይ አፌን ያዘው አልኩ፣ ደግሞ አፌን ክፈተው አልኩ፣ የቱን እንደምፈልግ አላወቅሁም። ከዚያ ጮክ ብዬ ለጣሪያው ተለማመድኩ። አባዬ፣ ጨጓራ አይደለም። አልሆነም፣ ድምፄ ከሰባራ መስኮት እንደሚገባ ነፋስ ነው። አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። እንደገና። አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን አታውቀውም። መሞት የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ይያያዛል፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንደ ውሃ የፈሰሰው ቃል። ያኔ ውሸት ስለነበረ ነው የቀለለው? ሽሮፑን ጠጣ አባዬ። ይህን መናገር እችላለሁ። ሽሮፑን ጠጣ፣ እኔ ውሸታም ነኝ፣ አንተ አታደርገኝም፣ ራሴ ሆኛለሁ።

ደወልኩ። የአባዬ ስልክ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ነው፣ ትራሱ ሥር ይተኛል። ጠራ። ጠራ። ልዘጋው ስል ተነሣ።

«ሀሎ፣ ማነው?» አለች ሴት። አሳየች አይደለችም። የአሮጊት ድምፅ ነው።

 «አባቴስ?» አልኩ፣ ሰላምታ ሳልሰጥ። «አባቴ ምን ሆነ?»

«አሉ፣ አሉ፣ አትደንግጥ። ከጎናቸው ያለው አልጋ የባሌ ነው፣ ኩልሱም እባላለሁ። እህትህ ልብስ ልታመጣ አያት ሄደች፣ እዩልኝ ብላኛለች። አንተ ያ ውጭ ያለው ልጅ ነህ?»

«ነኝ እናቴ።»

«አልሐምዱሊላህ። ሌሊቱን አልተኙም። ባሌ ራሱ የራሱን ትቶ ለእሳቸው ዱዓ ሲያደርግ ነጋ» አለች። ቀጥላ ዝቅ አድርጋ፣ «ያንን የሚጣፍጥ መድኃኒት አልጠጣም ይላሉ። ለባሌ ሲነጋ ሰጥተውት እንደ ሕፃን ተኛልኝ። እሳቸው ግን ልጄ ልጄ ይላሉ። ምን አልካቸው አንተ?»

«ነቅቷል?» አልኳት።

«ዓይናቸው ተገልጧል። መስኮቱን ያያሉ። ስልኩን ግን በእጃቸው መያዝ አይችሉም።»

«እናቴ» አልኩ፣ «የምነግረው ነገር አለኝ። እኔ... የቤተሰብ ነገር ነው። ለእሱ ብቻ ነው። አሳየችም አታውቀውም። እንዴት እንደማደርግ አላውቅም።»

ብረት አልጋው ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ፣ ጎንበስ ያለች መሰለኝ። ሻርፕዋ ስልኩን ሲነካካው ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሽ መጣ፣ የሷ አይደለም፣ አጭር አጭር ነው፣ አወቅሁት። የእሷ ድምፅ ከሩቅ፣ ከጎን በኩል መጣ። እንዲህ አለችኝ፦

«ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ይዤልሃለሁ። አንተ ተናገር፤ እኔ እንደሆንኩ አልሰማም፣ አማርኛዬም ብዙ አይደለም።»